ነጋዴን ከነጋዴ ጋር ብቻ አታሳድሩ

ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ በቀን ስንት ሰዓት መምህር ፊት ይቀመጣል? አራት፣ ቢበዛ አምስት። የቀረውን ሰዓት ከማን ጋር ያሳልፈዋል? ከላይኛው አልጋ ከሚተኛው፣ ከጎኑ ካለው፣ ምግብ ቤት ሰልፍ ላይ ከፊቱ ከቆመው ልጅ ጋር። ታዲያ የትምህርት ጥራት በተነሣ ቁጥር ስለ አራቱ ሰዓት ብቻ የምንጨቃጨቀው ለምንድን ነው? ሥርዓተ ትምህርት ይከለሳል፣ መምህር ይገመገማል፣ ፈተና ይጠብቃል። ስለ ሃያው ሰዓት የሚጠየቀው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «አልጋ ይበቃል ወይስ አይበቃም?»

ይህን እንዳነሣ የገፋፋኝ ከባሕር ማዶ የመጣ ልማድ ነው። በአሜሪካ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለቢዝነስ ትምህርት የገቡ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ለብቻቸው አንድ ፎቅ ወይም አንድ ኮሪደር ይሰጣቸዋል። አብረው ያድራሉ፤ ሁለት ሦስት ኮርስ በአንድ ክፍል አብረው ይወስዳሉ፤ አንድ ወይም ሁለት ዓመት የሚቀድማቸው የቢዝነስ ተማሪ እዚያው እየኖረ መንገድ ያሳያቸዋል፤ መምህሩ አልፎ አልፎ ራት ሊበላ ብቅ ይላል፤ ኩባንያ ለመጎብኘት አብረው ይሄዳሉ። ስሙም ያማረ ነው፤ አብሮ እየኖሩ የመማር ማኅበር እንደ ማለት ነው። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ልጃቸው እንዲህ ባለ ፎቅ ቦታ ሲያገኝ እንደ ሹመት ያወሩታል፤ እዚህም «እኛስ ለምን አንሞክረውም?» የሚል ሰው አላጣሁም።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ተማሪን እያኖሩ ማስተማር ትክክል ነው፤ ሳናደርገው በመቅረታችን ብዙ አጥተናል። የነገን ነጋዴ ከነገ ነጋዴ ጋር ብቻ ማኖር ግን ስሕተት ነው፤ ወደ እኛ አገር ሲመጣ ደግሞ ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ፈረንጅ አዲስ ነገር ፈለሰፈ ብለን ከመደንገጣችን በፊት የራሳችንን እንይ። የዋሸራ፣ የዋድላ፣ የጎንጅ የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቤቱ አጠገብ በገዛ እጁ በቀለሳት ጎጆ ያድራል። ቀን ቁራሽ ለምኖ ይመለሳል፤ ማታ ከፍ ያለው ተማሪ ለታናሹ ቀለም ይነግራል፤ ከየኔታ አፍ የሰሙትን ጎጆ ውስጥ ሲጨቃጨቁበት ያመሻሉ። የኔታ አንድ ናቸው፤ ተማሪው ብዙ ነው። ያ ሁሉ ሰው በአንድ መምህር የሚማረው ጎጆዋም ስለምታስተምር ነው። የጎጆው ተማሪዎች ደግሞ ከአንድ መንደር የመጡ አይደሉም፤ አንዱ ሸዌ፣ አንዱ ጎንደሬ፣ ሌላው ከትግራይ የተሻገረ ነው።

ንግዱስ? መርካቶን ያየ ሰው ሊነግረን ይችላል። ዘመድ ተከትሎ ከገጠር የመጣው ልጅ ሌሊት ሱቁ ውስጥ ከሸቀጡ ጋር ያድራል። ማለዳ ይጠርጋል፤ ቀን ዕቃ ያወርዳል፤ ገዢና ሻጭ ሲከራከሩ ያዳምጣል፤ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ቁጭ ብሎ ያያል። ዱቤ ለማን እንደሚሰጥና ለማን እንደማይሰጥ፣ ዕቃ መቼ እንደሚያዝና መቼ እንደሚለቀቅ ደብተር ሳይዝ ይማራል። ውሎ አድሮ ዕቁብ ይገባል፤ ዕጣው ሲወጣለት የራሱን መደብ ይከፍታል። ሊስትሮዎቹም አንዲት ጠባብ ክፍል ለስድስት ለሰባት ተከራይተው፣ ሣንቲማቸውን በዕቁብ አጠራቅመው፣ ታላቁ ታናሹን ሥራ አስይዞ ነው የወጡት። ይህ የመጀመሪያ ዓመት የቢዝነስ ተማሪዎች መኖሪያ ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል ነው? ዲግሪ አይሰጥም እንጂ።

ይህን ስል የመርካቶን ልጅ ኑሮ እያሽሞነሞንኩት አይደለም። ዱላ ነበረበት፣ ያለ ደመወዝ የሚያልፍ ዓመት ነበረበት፣ ትምህርት ቤት ሳያይ የቀረም ሞልቷል። ግን አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ያ ልጅ ሱቅ ውስጥ ቢያድርም ከነጋዴ ጋር ብቻ አልኖረም። በርበሬ ጭኖ የመጣውን ገበሬ ያውቀዋል፤ ጨርቅ የሚወስደውን ልብስ ሰፊ ያውቀዋል፤ ተሸካሚውን፣ ሾፌሩን፣ ለልጇ ጫማ በክርክር የምትገዛውን እናት ያውቃል። ንግድን የተማረው ነጋዴ ካልሆነው ሰው ነው። የአሜሪካው ፎቅ የሚያሳጣው ይህን ነው።

ዘመናዊው ትምህርታችንም የመኝታ ቤትን ጉልበት አንድ ጊዜ ቀምሶታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪዎቹ አዳሪዎች ነበሩ። በ1950 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካ ወጣቶች የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጡና ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ተማሪዎች መጡ። እነዚህ ልጆች በየአገራቸው የነፃነት ትግል ሲፋፋም ያዩ ናቸው። ስለዚያ ዘመን የጻፉት ባሕሩ ዘውዴም ሆኑ ኖርዌጂያዊቷ ራንዲ ባልስቪክ የኢትዮጵያ ተማሪ ፖለቲካ እንዲነቃ ካደረጉት ነገሮች መካከል የእነዚህን እንግዶች መምጣት ይቆጥሩታል። በየትኛው ኮርስ ተማሩት? በየትኛውም። በጨዋታ፣ በማዕድ፣ በክርክር ነው የተማሩት። በኮሌጅ ቀን የሚነበቡት ግጥሞች ሹማምንቱን ማስቆጣት ከጀመሩ በኋላም፣ በ1955 የትምህርት ዘመን መባቻ፣ የአዳሪነቱ ሥርዓት ተቋረጠና ተማሪው ከተማ ውስጥ ቤት ፈልግ ተባለ። እንግዲህ የመኝታ ቤትን አስተማሪነት ከትምህርት ሰዎቻችን ቀድሞ የተረዳው ቤተ መንግሥቱ ነበር ማለት ነው! ተረድቶም በተነው።

ወደ ፈረንጆቹ ልመለስ። እነሱም ቢሆኑ ነገሩን የጀመሩት ሙያ በሙያ ለይቶ በማሳደር አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1927 እስከ 1932 አሌክሳንደር ማይክልጆን የተባለ መምህር በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሙከራ ኮሌጅ አቋቁሞ ነበር። ተማሪዎቹ በአንድ ሕንፃ ያድራሉ፤ የመምህራኑ ቢሮም እዚያው ነው። የመጀመሪያውን ዓመት የጥንቷን አቴና፣ ሁለተኛውን የራሳቸውን አሜሪካ ያጠናሉ። ጠበቃ የሚሆነውም ነጋዴ የሚሆነውም አንድ መጽሐፍ ላይ ይጨቃጨቁ ነበር። ተቃውሞ በዛበት፣ ተማሪ ቀነሰበት፣ የኢኮኖሚ ድቀቱም ተጨመረበትና ተዘጋ። በዚያው ዘመን ሀርቫርድና ዬል ተማሪያቸውን በየቤቱ እያደባለቁ ለማኖር ሕንፃ ሲያሠሩ ገንዘቡን የሰጠው ኤድዋርድ ሀርክነስ ነበር፤ ሀብቱ ከነዳጅ ንግድ የመጣ፣ የስታንዳርድ ኦይል ወራሽ። የከበርቴው ልጅ ብሩን ያፈሰሰው የከበርቴ ልጆችን ለብቻ ለማሳደር አልነበረም።

ለብቻ የማሳደሩ ስሜት የታየው ሌላ ቦታ ነው። የሀርቫርድ የቢዝነስ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1927 የተመረቀው ግቢው ውስጥ ለመኝታ ሕንፃዎቹ የመረጠላቸው ስም በአብዛኛው የአገሪቱን የገንዘብ ሚኒስትሮች ነው። ተኝተህም ብር አስብ እንደ ማለት! እርግጥ እዚያ የሚያድሩት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ ሙያቸውን የመረጡ አዋቂዎች ናቸው። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅን ግን ገና ከእናቱ ቤት እንደ ወጣ እንዲህ ያለ ኮሪደር ውስጥ ማስገባት ሌላ ነገር ነው።

ምን ይጎዳዋል? የሚል ይኖራል። ይጎዳዋል። ብሩስ ሳሰርዶት የተባለ ምሁር በዳርትመዝ ኮሌጅ በዕጣ የተደለደሉ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተመው ጥናት አለ። ክፍል የሚጋራው ልጅ የጓደኛውን ውጤትና የትኛው ማኅበር ውስጥ እንደሚገባ ይለውጣል፤ የትምህርት ምርጫውን ግን አይለውጥም ይላል። እንግዲህ ከጎረቤት አልጋ የሚወረሰው ሙያ ሳይሆን ጠባይ ነው። የቢዝነስ ተማሪ ጠባይ ደግሞ ምን ይመስላል? እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ በአሜሪካና በካናዳ በ32 ተቋማት ከ5,000 በላይ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን የጠየቀ ጥናት ነበር። አጭበርብረናል ብለው ያመኑት ከቢዝነስ ተማሪዎች 56 በመቶ፣ ከሌሎቹ 47 በመቶ ናቸው። ከሁሉ የሚከፋው ምክንያቱ ነው። ተማሪውን ወደ ኩረጃ ከሚገፉት ነገሮች ትልቁ ሆኖ የተገኘው «ጓደኞቼም ያደርጉታል» የሚለው እምነት ነው። ታዲያ ይህን እምነት አንድ ኮሪደር ላይ ሰብስቦ በር መዝጋት ብልህነት ነው? ኩረጃ እኛ ዘንድ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ደግሞ ለአንባቢ አልነግርም።

በሌላው ወገን ያሉት ሰዎች የሚሉትን አልሸሽገውም። አንድ ኮርስ የሚወስዱ ልጆች ሲቀራረቡ አብረው ያጠናሉ፤ አዲስ ገቢው ብቸኝነት አይሰማውም፤ ትምህርቱን ትቶ የመሄዱ ነገር ይቀንሳል ይላሉ። እውነት ነው። ግን ይህን ለማግኘት አንድ ኮርስ አብሮ መውሰድ ይበቃል፤ ስምንቱም አልጋ ላይ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ መደርደር አያስፈልግም። ማስረጃው ከዚያው ከአሜሪካ ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩበት አካባቢ የሚገኘው ማለቴ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ ፈጣሪ ለመሆን የሚሹ ተማሪዎችን አንድ ሕንፃ ውስጥ ማኖር ጀመረ። ያስገባው የቢዝነስ ተማሪ ብቻ አልነበረም፤ ኢንጂነሩን፣ የኮምፒዩተሩን፣ የሌላውንም ትምህርት ክፍል ልጅ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስምንት የሒሳብ ሠራተኞች አንድ ክፍል ውስጥ ቢያድሩ የሚሸጥ ነገር ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ እኛ ግቢ እንግባ።

የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 አልፏል፤ ተማሪዎቻቸውም በአብዛኛው አዳሪዎች ናቸው። ይህ ምን ያህል ሀብት እንደሆነ የሚያስብ ያለ አይመስለኝም። ሌላው ዓለም ተማሪውን አንድ ጣሪያ ሥር ለማሰባሰብ ሚሊዮን ዶላር ያፈሳል፤ እኛ ሰብስበነዋል። ከሰበሰብነው በኋላ ግን ምን አደረግንበት? ተደራራቢ አልጋ ሰጠነው፣ ሎከር ሰጠነው፣ በሩ ላይ ፕሮክተር አቆምንበት፤ አለቀ። የፕሮክተሩ ሥራ ፍራሽ መቁጠርና ሰዓት መጠበቅ ነው። መምህር ዶርም ሲገባ ያየ ተማሪ ካለ ይጻፍልኝ። እኔ የዲፕሎማ ሰው ነኝ፤ በተማርኩበት ተቋም በአንድ ክፍል ለስድስት ስናድር ከአስተዳደሩ ደጃችን የመጣው ብቸኛ ሰው አምፖል የሚቀይረው ሠራተኛ ነበር።

ይህ አልጋ ደግሞ ነፃ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የወጪ መጋራት ደንብ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉን ተመርቆ ሲሠራ ሊከፍል ውል ይፈርማል። ይኸውላችሁ የመጀመሪያው የንግድ ትምህርት! አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ምን እንደሚገዛ ሳይነገረው ዕዳ ይፈርማል። መርካቶ ውስጥ እንዲህ ያለ ውል የሚፈርም ሰው ቢገኝ ሞኝ ይባላል።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም የጋራ ኮርስ የሚሰጥበት ሆኗል። የማኅበራዊ ሳይንሱም የተፈጥሮ ሳይንሱም ልጅ ሎጂክ ይማራል፣ እንግሊዝኛ ይማራል፣ ኢንተርፕረነርሺፕ የሚባለውን የሥራ ፈጠራ ኮርስም ይወስዳል። እንግዲህ ነገ አካውንቲንግ የሚገባው፣ ነገ እርሻ የሚማረው፣ ነገ ነርስ የምትሆነው አንድ ኮርስ ላይ ናቸው። ኮርሱ ግን እንዴት ይሰጣል? በሀንድአውት። ተማሪው የሥራ ፈጣሪን አሥር ባሕርያት ሸምድዶ ፈተና ላይ ይዘረዝራል። ሀንድአውቱን ፎቶ ኮፒ የሚያስነሣው ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ካለች ጠባብ ሱቅ ነው። የሱቋ ባለቤት በብዙ ግቢ ከውጭ በጨረታ የገባ ነጋዴ ነው፤ ምናልባትም ሱቅ ውስጥ እያደረ ያደገ። ነጋዴው ስለ ሥራ ፈጠራ የተጻፈውን ወረቀት እያባዛ ይሸጣል፤ ተማሪው እየገዛ ይሸመድዳል። ማን ከማን እየተማረ እንደሆነ ለአንባቢ ትቼዋለሁ።

ኮርሱ ለምን ዶርም ውስጥ አይሰጥም? የምለው ይህን ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሲደለደል በስም ፊደል ተራ ወይም በዘርፍ መሆኑ ይቅርና አውቆ ይሰባጠር። አንድ ክፍል ውስጥ ወደ ንግድ የሚያዘነብለው፣ ወደ እርሻው፣ ወደ ሕክምናው፣ ወደ ምሕንድስናው የሚያዘነብሉት አብረው ይደሩ። በሴቶቹም ሕንፃ እንደዚሁ። ከዚያ የፎቶ ኮፒ ቤቷን፣ የሳሙናና የደብተር ሱቋን ዩኒቨርሲቲው ለጨረታ ማውጣቱን ትቶ ለዶርሞቹ በተራ ይስጥ። ክፍሉ ዕቁብ ይግባ፤ ደብተሩን የሒሳቡ ልጅ ይያዝ፤ የገበያውን ዋጋ ገበሬ ቤት ያደገው ይንገር፤ ማሽኑ ሲበላሽ የምሕንድስናው ልጅ ይፍታው። ኪሣራ ቢመጣም የአራት መቶ ብር ኪሣራ ከአርባ ገጽ ሀንድአውት በላይ ያስተምራል። የኮርሱ ውጤት በዚያች ደብተር ይሰጥ። አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ እዚያው ፎቅ ላይ ይኑር፤ ድካሙ ከዕዳው ላይ ይቀነስለት። መምህሩም በሁለት ሳምንት አንድ ምሽት ይምጣ። አበል ይጠይቃል እንዳትሉኝ! ይጠይቃል፤ ይሰጠው። ለስንቱ ወርክሾፕ ስንከፍል የለ?

ማሰባጠሩ በወረቀት ብቻ እንዳይቀር የምፈራበት ምክንያት አለኝ። የአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ ደካማ ተማሪዎችን ከጎበዞቹ ጋር በአንድ ጓድ አደባልቆ ነበር፤ ጎበዙ ደካማውን ያነሣዋል ተብሎ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ውጤት የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ደካሞቹ ባሰባቸው። ጎበዙ ከጎበዝ፣ ደካማው ከደካማ ጋር በዚያው ጓድ ውስጥ ተለያይቶ ተቀምጦ ነበርና። ስለዚህ ነው ሱቅና ዕቁብ ያልኩት። ሥራ ካላገናኛቸው አልጋ ብቻውን አያገናኛቸውም።

ይህ ነገር በእኛ አገር ከትምህርት ውጤትም አልፎ ይሄዳል። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በወልድያ ዩኒቨርሲቲና በሌሎችም ግቢዎች ተማሪዎች በተማሪ ማደሪያ አካባቢ ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ብዙዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ከዚያ ወዲህ ወላጅ ልጁን ሲሸኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከእነማን ጋር ደረሰህ?» ብሎ ነው። ልጁም ግቢ እንደገባ ዶርም ቀይሮ ቋንቋውን ከሚናገሩት ጋር ለመሆን ይሯሯጣል። አልፈርድበትም። ግን አሁን ደግሞ በሙያ እንለያቸው የሚል ሰው ሲነሣ የምንከፍተው ሁለተኛ የመለያ በር ነው። በቋንቋ የተለየው ልጅ በሙያም ተለይቶ ከተመረቀ፣ ነገ ባንክ ሲቀጠር ብድር የሚጠይቀውን ገበሬ የት ያውቀዋል? በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች በዕጣ አንድ ክፍል ሲደርሳቸው የሆነው በ2022 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ የነጮቹ መጥፎ ግምት ረገበ፣ የጥቁሮቹም ውጤት ከፍ አለ። ያን ያህል ታሪክ ያለባቸው ሰዎች ከቻሉት እኛ የማንችልበት ምክንያት አይታየኝም።

«ቦታ የለም» የሚለው መልስም ከቀድሞው ይልቅ ሳስቷል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመትም እዚያው ገደማ ነበር። በማካካሻ የሚገባው ተጨምሮም በቀጥታ የሚገባው ተማሪ ቁጥር እንደ ድሮው አይደለም። ተማሪ ሲያንስ ደስ አይልም፤ ግን ባነሰበት ጊዜ እንኳ የአልጋ ድልድሉን ማሰብ ካልተቻለ መቼ ሊቻል ነው? «ግቢያችን የተራራቀ ነው፤ የንግዱ እዚህ፣ የሳይንሱ እዚያ ማዶ» የሚሉም አሉ። የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመቱ ይራራቅ። የመጀመሪያው ዓመት ኮርስ የጋራ ስለሆነ ልጁን የትኛውም ግቢ ማሳደር ይቻላል፤ ላቦራቶሪ የሚያስፈልገው በሳምንት አንድ ቀን አውቶቡስ ይሳፈር።

ድልድሉን የሚያወጣው የተማሪዎች አገልግሎት ክፍል ነው። ዘንድሮ የስም ዝርዝሩን ሕንፃው በር ላይ ሲለጥፍ አንድ ገጽ ይጨምርበት፤ በየክፍሉ ስንት ከየትኛው ዘርፍ፣ ስንት ከየትኛው ክልል እንደ ደረሰ የሚያሳይ። ፊርማም ይኑርበት።